ከሰው እጅ እስከ እጅ ስልክ

አዲስ ነገር ሲመጣ ይታወጃል። ንግግር ይደረጋል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ቀኑም ተመዝግቦ ይቀመጣል። አሮጌ ነገር ሲሄድ ግን አዋጅ የለውም። ፖስታ በኢትዮጵያ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደተጀመረ መጽሐፍ ገልጦ ማወቅ ይቻላል። ከጨንቻ ወደ አዲስ አበባ የተላከው የመጨረሻው የቤተሰብ ደብዳቤ መቼ እንደተጻፈ ግን የሚነግረን የለም። ላኪዋ ራሷ የመጨረሻው መሆኑን አላወቀችም።

ውድ የማኅበራችን አባላትና ደጋፊዎች፣ በዚህ ጽሑፍ አንድ መልእክት በዘመናት ውስጥ እንዲጓዝ አድርጌ ላሳያችሁ እሞክራለሁ። መልእክቱ ቀላል ነው። እዚህ ደጋ ላይ ያለች እናት ሽሮ ሜዳ ሸማ ለሚሠራ ልጇ «ደህና ነኝ፣ አንተስ? ለመስቀል ትመጣለህ?» ትለዋለች። ቃሉ በመቶ ዓመት ውስጥ ብዙም አልተለወጠም። የተለወጠው የሚሄድበት መንገድ፣ የሚፈጀው ጊዜና በመካከል የሚሰማው ሰው ነው። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍኩት በእኛ አቆጣጠር ነው።

ዱቡሻ፣ ገበያና የመንገደኛ ቃል

በጋሞ ደጋ ዜና የሚሰማባቸው ሁለት ታላላቅ ቦታዎች ነበሩ፤ ዱቡሻና ገበያ። ዱቡሻ ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሚመክሩበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት፣ ውሳኔ የሚነገርበት አደባባይ ነው። በዱቡሻ የተነገረ ነገር አገር ሁሉ እንደሰማው ይቆጠር ነበር። በአብዛኛው ግን የሚቀመጡበት ወንዶች ነበሩ። ለሴቶች ዜናው የሚገኘው ገበያ ነው። የጨንቻ ገበያ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ የዶርዜ ገበያ ደግሞ ሰኞና ሐሙስ መሆኑ ዜናው በሳምንት ውስጥ ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው እንዲዞር ይረዳ ነበር። ጥጥ ልትገዛ የወጣች ሴት የእህቷን መውለድ፣ የአክስቷን መታመም፣ የጎረቤት ልጅ መታጨትን ሰምታ ትመለሳለች።

የመንግሥት ቃል ሲሆን ነጋሪት ይጎሰማል። በመስከረም 1888 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ለአድዋ ዘመቻ ያወጁት የክተት አዋጅ በዚሁ መንገድ ነው በየአገሩ የተሰማው። ዛሬ «ነጋሪት» የሚለው ቃል የሚሰማው ሕግ በሚታተምበት በነጋሪት ጋዜጣ ስም ላይ ነው። ከበሮው ሄዶ ስሙ ወረቀት ላይ ቀረ።

የእናትየዋ መልእክት ግን ነጋሪት አይጎሰምለትም። የእኛ አገር ሸማኔዎች ወደ አዲስ አበባ መሰደድ የጀመሩት ከረጅም ጊዜ በፊት ነው። መልእክቱን ይዞ የሚሄደው ሌላ ተሰዳጅ ነበር። ወደ ሸገር የሚወርድ ሰው ሲገኝ «ለልጄ እንዲህ በልልኝ» ይባላል። መልሱም ሰው ሲመጣ ይመጣል። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ የሚመጣው በመስቀል፣ ሸማኔው ራሱ ገንዘብና ስጦታ ይዞ ሲመለስ ነው። አንድ ጥያቄ ተጠይቆ መልስ እስኪገኝ ዓመት ሊሞላ ይችል ነበር ማለት ነው። መንገደኛው ከረሳ፣ ከታመመ ወይም ካሳጠረው ቃሉ እዚያው ያልቃል።

ፖስታና ሽቦ

በ1886 ዓ.ም. ምኒልክ የፖስታ አገልግሎትን አቋቋሙ። የንጉሠ ነገሥቱ ምስልና አንበሳ ያለባቸው የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች የታተሙት ፓሪስ ነው። በ1901 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ስትሆን የእኛ ቴምብር የተለጠፈበት ደብዳቤ በየትኛውም የኅብረቱ አባል አገር እንዲቀበሉት ተደረገ። በዚያው በ1880ዎቹ አዲስ አበባን ከሐረር የሚያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመር ሥራም ተጀመረ።

እነዚህ ነገሮች የመጡት በመጀመሪያ ለቤተ መንግሥት፣ ለገዢዎችና ለነጋዴዎች ነው። ጨንቻ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ በነበረችበት ዘመን ደብዳቤ ማለት በዋናነት የመንግሥት ወረቀት ነበር፤ ማኅተም ያለበት፣ በአማርኛ የተጻፈ፣ የሚያስፈራም ጭምር። በ1950ዎቹ መቀመጫው ወደ አርባ ምንጭ ሲወርድ የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ሥራም አብሮ ወረደ። ከዚያ በኋላ ብዙ ጉዳይ የሚያልቀው ያንን ጠመዝማዛ መንገድ ወርዶ ነው።

ስልክን በአገር ደረጃ የሚያስፋፋ ድርጅት የተቋቋመው በ1945 ዓ.ም. ሲሆን የንጉሠ ነገሥት መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ይባል ነበር። ከዚያ ወዲህ ስሙ ብዙ ጊዜ ተለውጧል፤ ባለሥልጣን ሆነ፣ ኮርፖሬሽን ሆነ፣ በኅዳር 2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ሆነ። ሕዝቡ ግን ሁሉንም «ቴሌ» ብሎ ነው የሚጠራው።

የሦስተኛው ሰው ጆሮ

ደብዳቤ ለተራው ቤተሰብ ሲደርስ ትልቅ ለውጥ አመጣ። የእናትየዋ ቃል ሳይረሳ አዲስ አበባ ይደርስ ጀመር። ነገር ግን ሌላ ችግር መጣ፤ እናትየዋ መጻፍ አትችልም።

እስቲ መንገዱን አስቡት። እናት በጋሞኛ ትናገራለች። ተማሪ ልጅ ወይም ደብዳቤ ጸሐፊ ሰምቶ በአማርኛ ይጽፋል። ልጁም ማንበብ የማይችል ከሆነ አዲስ አበባ ሌላ ሰው ያነብለታል፣ እንደገናም በጋሞኛ ያስረዳዋል። አንድ የእናት ቃል ሁለት ጊዜ ተተርጉሞ፣ በሁለት ባዕድ ጆሮ አልፎ ነው የሚደርሰው። አድራሻም ቢሆን የራስ አይደለም። በአገራችን ፖስታ ቤት ለቤት ስለማይታደል ደብዳቤ የሚላከው በፖስታ ሣጥን ቁጥር ነበር። ሣጥን የሌለው ደግሞ «በእገሌ በኩል» እያለ በትምህርት ቤት፣ በመሥሪያ ቤት ወይም በነጋዴ ሣጥን ይቀበላል።

በዚህ ምክንያት ደብዳቤዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት መልክ ነበራቸው። «ለውድ ልጄ፣ ለጤናህ እንደምን አለህ? እኔ ከናፍቆትህ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ይባላል። ቀጥሎ የጎረቤቱ ሁሉ ሰላምታ በስም በስም ይደረደራል። ጉዳዩ የሚመጣው መጨረሻ ላይ በሁለት መስመር ነው። ይህን የአጻጻፍ ልማድ ብቻ አድርጎ ማየት ይቻላል። እኔ ግን ሌላም ነገር ይታየኛል። ባሏ እንደሚመታት፣ ገንዘቡ እንዳልደረሳት፣ መሬቱን ወንድሟ እንደወሰደባት ለጎረቤት ልጅ እየነገረች የምታስጽፍ ሴት የለችም። ስለዚህ «ደህና ነኝ» ትላለች። ከእነዚያ ደብዳቤዎች ውስጥ ስንቱ «ደህና ነኝ» እውነት እንደነበረ መገመት ይከብዳል።

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ይህን ነገር መለወጥ ጀመረ። ትምህርቱ መጀመሪያ በ5፣ በኋላም በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል። ብዙ እናቶች ቢያንስ ስማቸውን መጻፍ የቻሉት በዚያ ዘመን ነው። ሆኖም ስም መፈረምና የልብን በደብዳቤ መጻፍ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የሞተ ስም ሲነሣ

ለአስቸኳይ ጉዳይ ቴሌግራም ነበር። ዋጋው በቃላት ብዛት ስለሆነ ሰላምታ አይገባበትም። «አባት ታሟል ቶሎ ድረስ» የሚል ወረቀት የደረሰው ሰው አባቱ ታሞ ብቻ እንዳልሆነ ይገባዋል። ሞትን በወረቀት መንገር ነውር ስለሆነ «ታሟል» ይባላል። ተቀባዩም እያወቀ እንዳላወቀ ሆኖ ይሳፈራል። እውነቱን የሚሰማው ቤቱ ሲደርስ፣ ዘመድ ከቦት ነው።

ቴሌግራም በብዙ አገሮች አንድ በአንድ ጠፋ። በአሜሪካ ዌስተርን ዩኒየን በ1998 ዓ.ም. አቆመው። ሕንድ ከ160 ዓመት በላይ የቆየውን አገልግሎቷን የዘጋችው በሐምሌ 2005 ዓ.ም. ነው። የሚገርመው ከአንድ ወር በኋላ፣ በነሐሴ 2005 ዓ.ም.፣ ዛሬ በየስልካችን ያለው ቴሌግራም የተባለው መተግበሪያ ወጣ። አሁን እዚህ ጨንቻ ውስጥ «ቴሌግራም ላኪልኝ» ብትሏት የማንኛዋም ወጣት እጅ ወደ ስልኳ ይሄዳል። ስሙ ከሞት ተነሣ፣ ነገሩ ግን ሌላ ነው። የድሮው ቴሌግራም በቃል ስለሚከፈልበት ሰው አሳጥሮ ይናገር ነበር። በአዲሱ ሰው የፈለገውን ያህል ያወራል።

ጡሩንባና መርዶ

በከተሞቻችን የእድር ጡሩንባ ነፊ ነበር። ጎህ ሳይቀድ በየሰፈሩ እየዞረ ጡሩንባውን ይነፋል፣ የሞተውን ሰው ስምና የቀብሩን ሰዓት ይናገራል። ቤት ውስጥ ያለ ሁሉ ይሰማል። ስልክ ያለውም የሌለውም፣ ማንበብ የሚችልም የማይችልም፣ ሀብታምም ድሃም እኩል ይሰማል። አሁን በብዙ ቦታ ጡሩንባው በስልክ ጥሪና በጽሑፍ መልእክት ተተክቷል። ፈጣን ነው፣ ብርድም የለበትም። ግን የሚደርሰው ቁጥሩ ለተመዘገበ ሰው ብቻ ነው።

መርዶም እንዲሁ ተለውጧል። መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ በሽማግሌዎች አፍ፣ ሰውየው ብቻውን ሳይሆን፣ የሚደግፉት ዘመዶች አጠገቡ ባሉበት ነው። ይህ ሥርዓት የተሠራው ለዘመናት በተጠራቀመ ልምድ ነው፤ ሰው በድንገት ሲሰማ ሊወድቅ፣ ሊታመም እንደሚችል አባቶቻችን ያውቁ ነበር። ዛሬ የሟች ፎቶ ሻማ ተደርጎበት በፌስቡክ ሲወጣ ልጁ ወይም እህቱ ሥራ ቦታ፣ ታክሲ ውስጥ ወይም ሰው አገር ብቻዋን ሆና ልታየው ትችላለች። ይህን ልማድ የከለከለው ሕግ የለም። አዲሱ መሣሪያ ስለቀደመው ብቻ ቀረ።

ስልክ ወደ እጅ ሲገባ

ከሞባይል በፊት ስልክ ማለት ሄዶ መደወል ነበር። ቴሌ ቢሮ ሄዶ ተራ መጠበቅ፣ ተቀባዩ ሰው ተልኮበት እስኪጠራ መጠበቅ፣ ከዚያ በሰው ፊት ጮክ ብሎ መናገር። ሰዓቱ እየቆጠረ ስለሆነ ሰላምታው አጭር፣ ለቅሶው ረጅም ይሆናል። ከኋላ የተሰለፈው ሁሉ ይሰማል። የሦስተኛው ሰው ጆሮ አሁንም አልጠፋም።

የሞባይል አገልግሎት በአዲስ አበባ የተጀመረው በ1991 ዓ.ም. ነው። ወደ ደጋው መንደሮች እስኪደርስ ግን ዓመታት ፈጅቷል። የመጀመሪያዎቹ ስልኮች የግዕዝ ፊደል አልነበራቸውም። ሰው አማርኛውን በላቲን ፊደል እየጻፈ ይላላክ ነበር። ፊደላችን ዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደላት ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1992 ዓ.ም. መጀመሪያ ቢሆንም በተራ ሰው ስልክ ላይ እስኪታይ ረጅም ጊዜ ወስዷል። አጭር የጽሑፍ መልእክትም ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ ለሁለት ዓመት ያህል ተቋርጦ፣ የተመለሰው በሚሊኒየማችን መባቻ ነው።

በዚህ መካከል ሕዝቡ የራሱን ዘዴ ፈጠረ። ሚስኮል ነው። አንድ ጊዜ ጠርቶ ቢቋረጥ «ደርሻለሁ»፣ ሁለት ጊዜ ከሆነ «ደውልልኝ» ማለት ነበር። ያለ አንድ ሳንቲም መነጋገር ማለት ነው። አሁን ጥቅል እየተገዛ ሲወራ ይህም ቋንቋ ቀስ ብሎ እየጠፋ ነው።

ከሁሉ ትልቁ ለውጥ ግን ለእናትየዋ የመጣው ነው። ሞባይል እጇ ሲገባ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ጸሐፊ፣ ያለ አንባቢ፣ ያለ ተርጓሚ «ሳሮ» ብላ በራሷ ቋንቋ ከልጇ ጋር ተነጋገረች። ጓዳ ገብታ፣ በሯን ዘግታ እውነቱን መናገር ቻለች። የድምፅ መልእክት ሲመጣ ደግሞ ፊደል የማታውቅ ሴትም መልእክቷን ቀርጻ መላክ ጀመረች። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ውጭ አገር የወጡ ልጆች ድምፃቸውን በካሴት ቀርጸው ለቤተሰብ ይልኩ እንደነበር የሚያስታውሱ ይህን ብዙም አይገረሙበትም። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሲጀመር ገንዘቡም በስልክ ይመጣ ጀመር። የመንገደኛ እጅ አያልፍም፣ መስቀልን አይጠብቅም። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሳፋሪኮም ሥራ ሲጀምር የአንድ ድርጅት ብቻ ዘመንም አበቃ። ይህን ሁሉ ትርፍ አሳንሶ የሚያይ ሰው የሴቶችን የትናንት ኑሮ የማያውቅ ብቻ ነው።

መዝገቡ ምን ይላል?

እኔ በሙያዬ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። የሂሳብ ሰው ገቢውን ብቻ ጽፎ አይነሣም፤ ወጪውንም ይመዘግባል። በዚህ ለውጥ ውስጥ ሁለት ወጪ ይታየኛል፤ ሁለቱም በቀጥታ ማኅበራችንን ይነካሉ።

የመጀመሪያው ማስረጃ ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። ደብዳቤው የሦስተኛ ሰው ጆሮ ቢኖርበትም ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ ነበር። ቀን ነበረው፣ ፊርማ ነበረው። ገንዘብ መላኩ፣ መሬት መከፈሉ፣ ቃል መግባቱ ከሃያ ዓመት በኋላ ተነቦ ክርክር ይዘጋ ነበር። አሁን ክፍያ የተፈጸመበት መልእክት በስልክ ይመጣል፤ አባሏ ስክሪንሾት አንሥታ ታሳየናለች። ስልኩ ሲሞላ ይሰረዛል፣ ሲሰበር ይጠፋል፣ ሲሰረቅ ከነታሪኩ ይሄዳል። በካርቦን የተጻፈው የድሮ የገቢ ደረሰኝ ቀሪ ዛሬም ይነበባል። ኦዲተር የሚጠይቀው «ነበረ» የሚለውን ቃል ሳይሆን ወረቀቱን ነው።

ሁለተኛው ይብሳል። ቀድሞ የማኅበራችን ማስታወቂያ በሰሌዳ ይለጠፍ፣ በስብሰባ ይነገር፣ በጎረቤት አፍ ይላክ ነበር። አሁን አብዛኛው በቴሌግራም ቡድን ይገባል። ይህን ማንም በስብሰባ አልወሰነም። ቀለለና ተለመደ። ሰሌዳው ግን ዝም ብሎ ባዶ ሆነ። በአባላት መዝገባችን ላይ ዛሬም በጣት አሻራ የሚፈርሙ እናቶች አሉ። ኢንተርኔት የሚይዝ ስልክ የሌላቸው አሉ። ስልኩ የባላቸው ወይም የልጃቸው የሆነ አሉ። የስብሰባ ቀን ተለውጦ በቴሌግራም ብቻ በተነገረበት ሳምንት ቁጠባ ያልገባበት መስመር ላይ የማያቸው ስሞች ተመሳሳይ ናቸው፤ የእነዚሁ እናቶች ስም ነው። በደንባችን መሠረት ያልከፈለች ቅጣት ይጻፍባታል። መዝገቡ «ዘገየች» ይላል። እውነቱ ግን አልሰማችም ነው።

እዚህ ላይ የታሪኩን ክር ያዙልኝ። ዱቡሻ የተነገረውን ሴቷ በገበያ ትሰማው ነበር። ደብዳቤ ሲመጣ ማንበብ የማትችለው በሰው አፍ ተገደበች። ጡሩንባው ሲቀር ቁጥሯ ያልተመዘገበው ለቅሶ አመለጣት። አዲስ መንገድ በተከፈተ ቁጥር ብዙዎች ይጠቀማሉ፤ አሮጌው መንገድ ሲዘጋ ደግሞ በእሱ ብቻ ይመጡ የነበሩት ይቀራሉ። የሚቀሩት ድምፅ ስለሌላቸው መቅረታቸው አይታወቅም። በእኛ ማኅበር ይህ ከሆነ ለራስ አገዝነት የቆምነው ለማን እንደሆነ መጠየቅ አለብን። ማኅበሩን ከመሠረቱት መካከል በጣት አሻራ የፈረሙት እናቶች አሉበትና።

ወደኋላ እንመለስ እያልኩ አይደለም። እኔም ሪፖርት የምልከው፣ ከባንክ ጋር የማመሳክረው በስልክና በኮምፒውተር ነው። ደጋፊዎቻችንም መረጃ በፍጥነት ስለሚያገኙ ደስተኞች ናቸው። የምለው አዲሱ መንገድ ሲከፈት አሮጌውን ሳናጣራ አንዝጋው ነው። ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ሦስት ነገር እንዲቀርብ እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ ስልክ ለሌላት እያንዳንዷ አባል ቅርቧ ያለች አንዲት አባል በስሟ ትመደብላት፤ በቴሌግራም የወጣ ማስታወቂያ በአፍ መድረሱን ታረጋግጥ። በሰው እጅ መላክ ዛሬም የሚሠራ ዘዴ ነው።

ሁለተኛ፣ ማስታወቂያው በአፍ መድረሱ ካልተረጋገጠ ቅጣት አይጻፍ። ይህ ችሮታ አይደለም፤ ያልተነገረ ሰው ዘገየ አይባልም።

ሦስተኛ፣ በስልክ የተከፈለ ማንኛውም ገንዘብ በዚያው ሳምንት በወረቀት ደረሰኝ ይጻፍ፣ አንዱ ቅጂ በአባሏ ደብተር፣ ሌላው በማኅበሩ ፋይል ይቀመጥ።

ከዚህ ሌላ አንድ ልመና አለኝ። በየቤታችሁ ሣጥን ውስጥ፣ ከጋቢ ሥር ወይም ከመጽሐፍ ቅዱስ ገጾች መካከል፣ ከሽሮ ሜዳ ወይም ከሌላ አገር የመጣ አሮጌ ደብዳቤ ካላችሁ አትጣሉት። እናቶቻችን ስላላነበቡት ዋጋ የለውም አትበሉ፤ እንዲያውም ስላላነበቡት ነው ዛሬ ተቀምጠን ልናነብላቸው የሚገባው። እናቲቱ በሕይወት ካለች ደብዳቤውን በጋሞኛ አንብቡላት፣ ያኔ ልታስጽፈው ፈልጋ ያላስጻፈችው ነገር ካለም ጠይቋት። የምትነግራችሁን ቀን ጽፋችሁበት አስቀምጡ።